«የራሴ ነው» ያልኩት ዘፈን

አሁንም ውኃ ስጠጣ ብርጭቆው ጥርሴን ይመታኛል፣ ግን ልናገር፣ ካቆምኩ መልሼ መጀመር ስለማልችል ሳልተነፍስ ነው የምናገረው።

የፈለግኩት አንዲት ትንሽ ነገር ናት። የቀዳሁት ዘፈን ዓርብ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ እንዲሰማልኝ። አራት ደቂቃ ነው። አምና ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ ስንቴ ቀሪ ተብያለሁ። ዘንድሮ ግን «ትርሲት ትዘፍናለች» መባል ተጀምሯል።

ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት ቲቸር መኳንንት ናቸው። ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ዓርብ ዘፈኔን ይክፈቱልኝ።»

«ፍላሹ የታለ?»

«ስቱዲዮ ነው ያለው።»

«ታዲያ ምን ልክፈት፣ አፌን? አምጪውና እከፍታለሁ።»

ፍላሹ ካልመጣ ቲቸር አይከፍቱም፤ ካልተከፈተ ዘፈኔ አይሰማም።

ስቱዲዮው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት አንድ ክፍል። የሚቀዱት ጋሽ ቢረሳው ናቸው።

«ጋሽ ቢረሳው፣ ፍላሹን ልውሰድ?»

«ሰይድ እሺ ብሏል? ቅንብሩ የእሱ ነው። ሳልጠይቀው ብሰጥሽ ነገ ኪቦርዱን በሬ ላይ ዘርግቶ ነው የሚውለው።»

ሰይድ እሺ ካላለ ጋሽ ቢረሳው ፍላሹን አይሰጡም፤ ፍላሹ ካልመጣ ቲቸር አይከፍቱም፤ ካልተከፈተ ዘፈኔ አይሰማም።

ሰይድን የሰርግ ድንኳን ውስጥ ስፒከር ሲተክል አገኘሁት።

«ዜማው የማን ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«የጋሽ እንድሪስ።»

«ወረቀት አለሽ?»

«በአፍ ነው የሰጡኝ።»

«እናንተ አዲስ ዘፋኞች ድምፅ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ወረቀቱን ግን ቤት ትረሳላችሁ። ዘፈን እስኪወደድ ወላጅ የለውም፣ ከተወደደ በኋላ አጎቱም አክስቱም ይመጣሉ። ጋሽ እንድሪስ ይፈርሙልሽ፣ ያኔ እሺ እላለሁ። ያንን ገመድ አቀብዪኝ።»

ገመዱን አቀበልኩት።

ጋሽ እንድሪስ ካልፈረሙ ሰይድ እሺ አይልም፤ ሰይድ እሺ ካላለ ጋሽ ቢረሳው ፍላሹን አይሰጡም፤ ፍላሹ ካልመጣ ቲቸር አይከፍቱም፤ ካልተከፈተ ዘፈኔ አይሰማም።

ጋሽ እንድሪስ ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የማሲንቆውን ጭራ ሲያጠብቁ ደረስኩ።

«ልጄ፣ እኔ ላንቺ ዜማ አላወጣሁም። ለግጥሙ ነው ያወጣሁት። ያቺ ጓደኛሽ ዘይነባ ስታነበው እጄ ተከተላት። እሷ ትፈርም፣ እኔ ከስሯ እፈርማለሁ።»

«እርስዎ ብቻ ቢፈርሙልኝስ?»

«የማሲንቆ ጭራ አንድ ነው። የእኔም ቃል አንድ ነው።»

ዘይነባ ካልፈረመች ጋሽ እንድሪስ አይፈርሙም፤ ጋሽ እንድሪስ ካልፈረሙ ሰይድ እሺ አይልም፤ ሰይድ እሺ ካላለ ጋሽ ቢረሳው ፍላሹን አይሰጡም፤ ፍላሹ ካልመጣ ቲቸር አይከፍቱም፤ ካልተከፈተ ዘፈኔ አይሰማም።

ዘይነባ ይመር ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ዴስክ የተጋራችኝ ልጅ ናት። ግጥሙን የጻፈችው እሷ ናት፣ መናኸሪያ ውስጥ ሻይ ስለምትሸጠው እናቷ። ባለፈው ወር ዘፈኑን ሚኒ ሚዲያ ላይ ስዘፍነው፣ አቅራቢው ልጅ ማይኩን አፌ ላይ ደቅኖ «ግጥምና ዜማ የማን ነው?» አለኝ። ፈራሁ። ዘፋኞች ሬዲዮ ላይ ሲሉ ስሰማው የኖርኩት ነገር አፌ ላይ መጣ፤ «የራሴ» አልኩ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሰማ። በማግስቱ ዘይነባ ቦርሳዋን አንስታ ኋላ ወንበር ሄደች።

ኋላ ወንበሯ ድረስ ሄጄ የሚፈረምበትን ወረቀት ዘረጋሁላት። አላነበበችውም።

«በማይክ ነው የወሰድሽብኝ፤ በማይክ መልሺልኝ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

«አፌን አዳልጦኝ እኮ ነው፣ ዘይኑ።»

«እናቴ ሰምታለች። ‹ያንቺ ነው ያልሽኝ አልነበረም?› ነው ያለችኝ።»

ማይኩ ቲቸር መኳንንት ጋ ነው።

«ማይክ ፕሮግራም ላለው ነው» አሉኝ። «ፕሮግራምሽ ምንድነው?»

«ዘፈኔ።»

«ፍላሹስ?»

ማይኩን ለምን እንደፈለግኩት አልነገርኳቸውም። አፈርኩ።

እንግዲህ፦ ማይክ ከሌለ ዘይነባ አትፈርምም፤ ዘይነባ ካልፈረመች ጋሽ እንድሪስ አይፈርሙም፤ ጋሽ እንድሪስ ካልፈረሙ ሰይድ እሺ አይልም፤ ሰይድ እሺ ካላለ ጋሽ ቢረሳው ፍላሹን አይሰጡም፤ ፍላሹ ካልመጣ ደግሞ ማይክ የለም። ሒሳብ ደብተሬ ላይ ሣልኩት። ክብ ነው። መውጫ የለውም።

ትናንት ዓርብ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ፣ መዝሙሩ አለቀ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን ሲዘረጉ እኔ ከሰልፍ ወጥቼ ባንዲራው ስር ቆሜ ነበር። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም።

«የመናኸሪያው ዘፈን ግጥም የዘይነባ ይመር ነው» አልኩ።

«አልተሰማም፣ ጮክ በይ» አለ አንዱ ከአሥረኛ ሐ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

ጮክ አልኩ። «ግጥሙ የዘይነባ ይመር ነው። ዜማው የጋሽ እንድሪስ ነው። ቅንብሩ የሰይድ ነው። የእኔ ድምፁ ብቻ ነው። የራሴ ያልኩት ውሸት ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ርዕሰ መምህሩ «ወደ ሰልፍሽ» አሉኝ። ተመለስኩ።

ክፍል ስንገባ ዘይነባ ዴስኬ አጠገብ ቆመች።

«ማይክ ነበር ያልኩሽ።»

«አልሰጡኝም።»

«ከኋላ ነበር የቆምኩት። ተሰምቶኛል። እስክሪብቶ አምጪ።»

ዘይነባ ፈረመች። ዘይነባ ስለፈረመች ጋሽ እንድሪስ ከስሯ ፈረሙ፤ ጋሽ እንድሪስ ስለፈረሙ ሰይድ እሺ አለ፤ ሰይድ እሺ ስላለ ጋሽ ቢረሳው ፍላሹን ሰጡ። ይህ ሁሉ በምሳ ሰዓት፣ በሩጫ፣ ምሳ ሳይበላ። ፍላሹ ስለመጣ ቲቸር መኳንንት ከሰዓት በእረፍት ከፈቱት፤ ስለተከፈተ ዘፈኔ ተሰማ። ዘፈናችን ማለቴ ነው። አቅራቢው ከሁሉ በፊት ስሞቹን አነበበ። አራቱን ደቂቃ የውኃ ቧንቧውን ጨብጬ ጨረስኩት።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግኩት ዘይነባ ቤት መሄድ ነው። አዲስ ግጥም አለኝ ብላ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። አልገለጥኩትም። እስክሪብቶ አውጥቼ ጀርባው ላይ ስሟንና ቀኑን መጻፍ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ አንብቢው እንጂ» አለች። «መጥፎ ቢሆንስ?»

«መጥፎም ቢሆን ያንቺ ነው» አልኳትና ጽፌ ጨረስኩ።