ምስር የሚያካክሉ ሦስት ጠባሳዎች

አንድ ተሸካሚ ሸሚዙን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የአንድ ኩንታል በቆሎን ሁለት ጫፎች ጨብጦ ቆሟል። ጓደኞቹ ክብ ሠርተው ከበውታል። ሰውየው ነስሩ ይባላል። እህል በረንዳ ውስጥ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ሲመላለስ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ቀኝ ትከሻው በቀዶ ሕክምና ከተሰፋ ግን ገና ሰባት ሳምንቱ ነው።

«በል እንጂ፣ ምን ታሸተዋለህ? በቆሎ እኮ ነው፣ ሽቶ አይደለም» አለው አንዱ።

ሌሎቹ ሳቁ። ነስሩም አብሮ ሳቀ፤ ኩንታሉን ግን ከመሬት አላላቀቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነሱ ዘንድ ታሞ የከረመ ሰው ስሙ ወደ ተራ የሚገባው አንድ ኩንታል በሁሉም ፊት ተሸክሞ መጋዘን ካደረሰ በኋላ ነው። የመመለሻ ኩንታል ይሉታል። ያላደረሰ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥበታል። ተራ የሌለው ተሸካሚ ደግሞ እህል በረንዳ ውስጥ ከርግቦቹ አይለይም፤ የወደቀ ፍሬ ሲለቅም ይውላል።

የነስሩ ትከሻ ታሪኩ ረጅም ነው። መጀመሪያ የወጣው ከመኪና ላይ ሲወድቅ ነበር። ያን ጊዜ የገበያው ወጌሻ ጋሽ ይርዳው ተጠሩ። ክንዱን ያዝ አድርገው ስለ ዝናቡ ሲያወሩት ሲያወሩት፣ ሳያስበው ሳብ አደረጉና ቦታው መለሱለት። በሦስተኛው ቀን ተሸከመ። ሁለተኛ የወጣው ኩንታል ሲወረውር ነው። ሦስተኛው ሸሚዝ ሲለብስ። ሰባተኛው ተኝቶ ሲገላበጥ። ዘጠኝ ጊዜ ወጣ፣ ዘጠኝ ጊዜ ጋሽ ይርዳው መለሱት። ጓደኞቹም «የነስሩ ትከሻ ዛሬም ዘመድ ጥየቃ ሄደ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዘጠነኛው ግን ኩንታሉ ከላዩ ተንሸራቶ፣ ከኋላው ይመጣ የነበረውን ሰው ለጥቂት ሳተው። ነስሩ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄደ።

ሐኪሟ ትከሻውን በሰፊው ሳትቀድ ሠራችው። እርሳስ በምታህል ቀዳዳ ካሜራ አስገባች፣ በሌሎቹ ቀዳዳዎች መስፊያዋን፤ ተገንጥሎ የነበረውን የመገጣጠሚያውን ጠርዝ ከአጥንቱ ጋር በክር ሰፋችው። ነስሩ ሲነቃ ያገኘው ሦስት ቁስል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምስር ቢያክል ነው።

«ስድስት ወር» አለችው ሐኪሟ። «እኔ እስክልህ ድረስ ይህ እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ አይሄድም። ኩንታል በዓይንህም እንዳታነሳ።» ከዚያ በካሜራው የተነሳውን ፎቶ ሰጥታ ሸኘችው።

እህል በረንዳ ግን ቁስል የሚለካው በጠባሳው ነው። ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ያለው ሰው ሲናገር ሁሉም ጸጥ ይላል። ሦስት ምስር ይዞ ለመጣ ማን ጸጥ ይልለታል?

«ለእቺ ነው ስድስት ወር?» አለ አለቃቸው ሙዘይን፣ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ። «እኔን ቁንጫ የነከሰችኝ ከዚህ ይበልጣል።»

«ጉዳቱ ውስጥ ነው አሉኝ» አለ ነስሩ።

«ውስጡን ማን አየው?»

ነስሩ ፎቶውን ደጋግሞ አይቶታል፤ ነጭና ሮዝ ነገር ከመሆኑ በቀር ምንም አልገባውም። ትከሻው ደግሞ ከሳምንት ወዲህ አያመውም። የማያመኝን ነገር ለምን እታመማለሁ ሲል ነበር ያነጋው።

«ምን ያስፈራሃል?» አለ ሙዘይን። «ጋሽ ይርዳውን ያስጠራኋቸው ለምን ሆነና? ቢወጣ እዚሁ ይመልሱታል።»

ነስሩ ቀና ብሎ አየ። ጋሽ ይርዳው መጋዘኑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እሳቸውን ሲያይ ልቡ ሞላ። ዘጠኝ ጊዜ የመለሰ እጅ አሥረኛውን ሊያቅተው ነው? ትንፋሹን ሳበ፣ ጉልበቱን አጠፈ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ሐኪሟ ስትሸኝህ ምን ሰጠችህ?»

«ፎቶ ነው ጋሼ። የውስጡ።»

«የምኑ ውስጥ?»

«የትከሻዬ።»

«እስቲ አምጣው።»

ነስሩ ኩንታሉን ለቀቀ። መሬት ከወደቀው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ፎቶ አውጥቶ ሰጣቸው። ጋሽ ይርዳው አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽራቸውን አደረጉና ፎቶውን ወደ ፀሐይ አዞሩት።

እኚህ ሰው በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት የወለቀ ክንድ እንደመለሱ ራሳቸውም አያውቁትም። ሁሉንም የመለሱት ግን በቆዳ ላይ ነው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው እያዳመጡ። አሁን ፎቶውን ሲያዩ ቆዩ።

«ይቺ የአጥንቱ ራስ ናት» አሉ፣ በጥፍራቸው እየተከተሉ። ድምፃቸው በስም ብቻ የሚያውቀውን ሰው በአካል ያገኘ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። «እንደ ተላጠ እንቁላል ነች እንዴ! ይኼ ሰማያዊውስ?»

«ክሩ ነው አለችኝ ጋሼ። ከአጥንቱ ጋር ያሰረችበት።»

ጋሽ ይርዳው ቆባቸውን አወለቁ።

«አርባ ዓመት ደጁን ሳንኳኳ ኖሬ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ቤቱን ዛሬ አየሁት። እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም።»

ተሸካሚዎቹ ክቡን አጠበቡ። ሙዘይን እንኳ ጎንበስ ብሎ በትከሻቸው በኩል ያይ ጀመር።

«ሙዘይን» አሉት ከፎቶው ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «የኩንታል አፍ ቢቀደድብህ ምን ታደርጋለህ?»

«እሰፋዋለሁ ነዋ።»

«የፈሰሰውን እያፈስክ መልሰህ ብትሞላውስ?»

«ሞኝ ነኝ እንዴ ጋሼ? መልሶ ይፈሳል።»

«እኔ ዘጠኝ ጊዜ ያንን ነው ስሠራ የነበረው» አሉ። «እናንተም ጎበዝ አላችሁኝ። በወጣ ቁጥር ጠርዙን ትንሽ ትንሽ ይቀድደው ነበር፤ እኔ ደግሞ የፈሰሰውን አፍሼ እመልሳለሁ። እቺ ሴት አፉን ሰፋችው። ስፌቱን ግን ሥጋ ገና አልያዘውም። ዛሬ ቢያነሳ የሚይዘው ክር ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማችሁም?»

«እና ቢወጣ አይመልሱትም?» አለ ሙዘይን።

«አልመልስም። እሱን ዛሬ ካስነሳህ የእናንተንም ከእንግዲህ አልነካም።»

ይህን ብለው ተነሱ፣ ሄደውም ኩንታሉ ላይ ተቀመጡበት። ሙዘይን ራሱን አከከ። ጓደኞቹን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«በቃ ተራው ይቆይለት» አለ በመጨረሻ። «በቆሎውን ከነጋሼ የሚሸከም ካልተገኘ በቀር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነስሩ ክርኑን ጎኑ ላይ አጣብቆ በወስፌ የጆንያ አፍ ይሰፋ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ መጋዘኑ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ሐኪሟ እንዳሳየችው፣ የቀኝ እጁን ጣቶች እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ያስኬዳል። ሐኪሟ ከፈቀደችለት አያልፍም። ጣቶቹ በደረሱበት ላይ ጋሽ ይርዳው በከሰል ያሰምራሉ። የመጀመሪያው መስመር ከእምብርቱ ብዙም አይበልጥም ነበር።

«ግድግዳውን ልትገዛው ነው? በመሐንዲስ አስለካው» ይሉት ነበር ሲያልፉ።

አንዳንድ ሳምንት መስመሩ ፈቀቅ አይልም። አንዳንድ ቀን በአንድ ጣት ይጨምራል። ግድግዳው ፊት መቆም ከጀመረ ሁለት ወር ሲሞላው ቀልዱ ቀረ። ሦስተኛው ወር ላይ ተሸካሚዎቹ ጭነት ከማውረዳቸው በፊት መጥተው መስመሩን ያዩ ጀመር። ጉልበት ማለት የሚያቃስት፣ የሚያልብ፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው ብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው። እዚህ ግን ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳያየው፣ በዚያች ጨለማ ጓዳ ውስጥ ሥጋ ከአጥንት ጋር እየተጋመደ ነበር። ነስሩ ሲተኛ ይሠራል፣ ሲስቅ ይሠራል፣ ሲበላ ይሠራል። አንድ ጠዋት ሙዘይን ጣቱን አዲሱ መስመር ላይ አድርጎ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።

ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር ሲሞላ ሐኪሟ የነስሩን ክንድ በገዛ እጇ ወደ ላይና ወደ ኋላ ወሰደችው፣ ዓይኑን ዓይኑን እያየች። «በትንሹ ጀምር» አለችው። በሩብ ኩንታል ጀመረ፣ ግማሽ አደረሰ፤ እንዲህ ሲል ሌላ ሁለት ወር ሄደ።

ከዚያ ክቡ እንደገና ተሠራ። ኩንታሉ በቆሎ ነው። ነስሩ ጫፎቹን ጨበጠ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ብድግ አደረገው። እጁ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ኋላም ሄደ፤ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ወጣበት ወደዚያ ቦታ ደረሰ። ትከሻው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ነስሩ መጋዘን ገባ፣ ኩንታሉን ከሌሎቹ ላይ ደረደረና ባዶ እጁን ወጣ።

ጋሽ ይርዳው ጠበቁት። መዳፋቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣታቸው ለዓመታት የሚያውቀውን ክፍተት ፈለገ፣ ደግሞም ፈለገ፣ አጣው።

«ሥራ አስፈታኸኝ» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ሳያነሱ እንዲህ አሉት፦

«መመለስ ቀላል ነው ልጄ። ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰውም ያጨበጭብልሃል። ዳግም እንዳይወጣ አድርጎ መስፋት ግን ጊዜ ይበላል፤ ጠባሳውም ምስር ስለሚያክል ማንም አያደንቅህም። እስቲ ማታ ስትገባ አስብበት፤ በየጊዜው እየወጣብህ፣ በየጊዜው እየመለስከው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሰፋኸው ሌላ ምን አለህ?»