የትርንጎ ወንበር ለምን አልወጣም

ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ሰንሰለት ልጎትት ነው።

በአንዲት የወረዳ ከተማ ትርንጎ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እግሮቿ አይራመዱም፤ አፏን ግን የሚቀድመው የለም። ምኞቷ አንድ ነው፤ አንደኛ ክፍል መግባት። ባሕር ማዶ ያለ የእርዳታ ድርጅት እንደ እሷ ላሉ ልጆች ተሽከርካሪ ወንበሮች ልኮ፣ ወንበሮቹ በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት ከርመዋል። እናቷ አትጠገብ ይህን የሰማችው ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት ነው። ልጇን አዝላ ገሰገሰች።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ልንገረው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ወንበሩን ለልጄ ይስጡልኝ።»

«ወንበሩማ አለ። ርክክብ ሳይደረግ ግን አይወጣም።»

«እና ልጄስ?»

«ትጠብቃ! ወንበሩም እየጠበቀ አይደል?»

አትጠገብ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ርእሰ መምህሩ ሄደች።

«ወንበሩ ከግምጃ ቤት አይወጣም፤ ግምጃ ቤቱ ያለ ርክክብ አይከፈትም። እባክዎ ያስረክቡን።»

«ያለ ክብር እንግዳ ምን ርክክብ አለ?» አሉ መምህር ይርሳው፣ የእንግዳው ስም ገና ያልተጻፈበትን ባነር ዘርግተው እያሳዩዋት። «ሪባኑን ማን ይቁረጠው፣ አንቺ?»

«ልቁረጠዋ!»

«አይ አንቺ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። የድርጅቱ ተጠሪ ካልመጡ አይሆንም አሏት።

ተጠሪው አቶ ናሁሰናይ ቢሯቸው ነበሩ።

«ወንበሩ ከግምጃ ቤት አይወጣም፤ ግምጃ ቤቱ ያለ ርክክብ አይከፈትም፤ ርክክቡ ያለ ክብር እንግዳ አይደረግም። ጌታዬ፣ ይምጡልን።»

«በደስታ! የተመዘገቡትን ልጆች ስም ዝርዝር ላኩልኝ፤ እመጣለሁ። እኛ የምንረዳው ተማሪ ነው።»

«ተማሪ እንድትሆን እኮ ነው ወንበሩ!»

«ገብቶኛል እናቴ። ዝርዝሩን ብቻ።»

ሰውየው ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ ትሕትናቸው ይበልጥ አስደነገጣት። ላብ አጥምቋት መዝጋቢዋ ወይዘሪት ሙሉእመቤት ዘንድ ስትደርስ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል።

«ወንበሩ ከግምጃ ቤት አይወጣም፤ ግምጃ ቤቱ ያለ ርክክብ አይከፈትም፤ ርክክቡ ያለ ክብር እንግዳ አይደረግም፤ እንግዳው ያለ ስም ዝርዝር አይመጡም። እኅቴ፣ ልጄን መዝግቢልኝ።»

ወይዘሪት ሙሉእመቤት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በእስክሪብቶዋ ጠቆመች። አምና የሌሉ ልጆችን ስም ያስመዘገቡ ወላጆች ስለነበሩ፣ ዘንድሮ «በራሱ ያልመጣ ተማሪ አይመዘገብም» ተብሏል።

«ይቺ ደግሞ በራሷ አልመጣችም። የመጡት እርስዎ ነዎት።»

«በምን ትምጣ?»

«በወንበሯ ነዋ።»

አትጠገብ ግድግዳውን በትከሻዋ ተደገፈች። ጠዋት የጀመረችው መንገድ ዞሮ ዞሮ እዚያው ወንበሩ ላይ ጣላት።

ከጀርባዋ ላይ አንድ ራስ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ አልመጣችም የሚሉት ማንን አይተው ነው?»

«አንቺን!»

«አዩኝ እኮ፣ እማዬ! መጥቻለሁ ማለት ነው!»

አንድ ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ። ወይዘሪት ሙሉእመቤት ማስታወቂያውን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ፊቷ ቀላ። ከዚያም አንገቷን ደፍታ ጻፈች።

ስሟ ሲጻፍ ዝርዝሩ ተላከ፤ ዝርዝሩ ሲላክ እንግዳው መጡ፤ እንግዳው ሲመጡ ርክክቡ ተደረገ፤ ርክክቡ ሲደረግ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ፤ ግምጃ ቤቱ ሲከፈት ወንበሩ ወጣ፤ ትርንጎም ተቀመጠችበት። ተጨበጨበ፤ ፎቶ ተነሡ።

«በሉ ፎቶው አልቋል» አሉ አቶ ልንገረው። «ወንበሩን ልመልሰው፤ እንዳይቆሽሽ።»

አትጠገብ በድንጋጤ ክው አለች። ልትጮህ ዞር ብትል፣ ወንበሩም ልጅቷም የሉም።

ከአንደኛ ክፍል የአስተማሪው ድምፅ ተሰማ። «ማን ነሽ አንቺ?»

«ትርንጎ። ቲቸር፣ ቶሎ በሩን ይዝጉልኝ፤ ሰውዬው መጡ!»

በሩ ተዘጋ።