የመንግሥት በቅሎ

በሂማላያ ተራሮች መካከል ያለ ፈቃድ የማይገባበት አንድ አገር ነበር። የኬላው አለቃ ደግሞ ጢሙን ሳይጠመዝዝ ቃል የማይወጣው ጉረኛ ነው። አንድ ቀን፣ ተራራው ላይ ያለች ልጇ ምጥ የያዛት አሮጊት የአራስ ቅቤ ተሸክማ እያለከለከች ኬላው ደረሰች።

"ፈቃድሽስ?" አላት።

"የለኝም ጌታዬ። የት ነው የሚሰጠው?"

"ላይ፣ ተራራው ጫፍ ካለው ጽሕፈት ቤት። የመግቢያውም የመውጫውም ፈቃድ ከዚያ ነው።"

"ታዲያ ሳልገባ እንዴት አድርጌ ላምጣው?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ! ያለ ፈቃድ ከዚህ ገመድ አልፎ የተገኘ ሰው ግን ወዮለት! በመንግሥት በቅሎ ተጭኖ፣ በወታደር ታጅቦ፣ እዚያው ጽሕፈት ቤት ድረስ ይወሰዳል!"

አሮጊቷ ትንሽ አሰብ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር ሾልካ ገባች።

አለቃው ጢሙን መጠምዘዙን ረስቶ ጮኸ፦ "አንቺ ሴትዮ! አሁኑኑ ውጪ!"

"ያለ መውጫ ፈቃድ?" አለች አሮጊቷ ደንገጥ ብላ። "ኧረ ጌታዬ፣ በስተርጅና ሕግ አያስጥሱኝ! ይልቅ በቅሎዋን ቶሎ ያስጭኑልኝ፤ ቅቤውን ወታደሩ ይይዝልኛል።"