የአያ ዝንጀሮ አጥር

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ የበረቱን በር ክፈቱልኝ።

ጅብ ያስመረራቸው እንስሳት «መንግሥት ያስፈልገናል» ተባባሉና ንግግር የሚያውቀውን ዝንጀሮ ሾሙ። እሱም ደቦ ጠራ። እናት በግ ሳትቀር ሁሉም እሾህ ተሸክሞ አጥር አጠረ። ሲያልቅ ግን የታጠረው የዝንጀሮ ግቢ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኛስ?» አለች በግ።

«መጀመሪያ መንግሥት ይጠበቅ እንጂ! እኔ ከተበላሁ ማን ይጠብቅሻል?»

ጅብ የመጣ ዕለት እንስሳቱ ወደ በሩ ሮጡ። በግም ሁለት ግልገሎቿን ይዛ ደረሰች።

«ጌታዬ፣ እኔ ልቅር፤ ልጆቼን ብቻ አስገቡልኝ!»

«በሩ ከተከፈተማ ምኑን አጥር ሆነው?» አለ ዝንጀሮ ከውስጥ።

ጅብ አንዱን ግልገል ነጠቀና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ዝንጀሮ! ድሮ ተበታትነው ያደክሙኝ ነበር፤ ዛሬ ደጅህ ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው» አለ።

በማግስቱ ዝንጀሮ ጉባኤ ጠራ።

«ትናንት ከአጥሩ ውስጥ የተበላ አለ?»

«ከውስጥስ የለም» አሉ እንስሳቱ።

«እንግዲያው አገር ሰላም ነው። ተመስገን በሉ!»

«ተመስገን!» አሉ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የእናት በግ ድምፅ ነበር፤ ገና አንድ ግልገል ቀርቷታልና።