በአንድ ዓይን የተሣለው ገበሬ

«አንድ ሠዓሊ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምህር አስናቀ። ተማሪያቸው ስንዱ «ፖርትሬይ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ጠይቃቸው ነበር። መዝገበ ቃላቱ «ሣለ» ብሎ ይፈታዋል። በመማሪያ መጽሐፏ ግን በዚሁ ቃል «ጋዜጣው ሰውየውን ሌባ አድርጎ ሣለው» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘች። ጋዜጣ ቀለም አይበጠብጥ፣ ብሩሽ አይጨብጥ፤ እንዴት ሰው ይሥላል? መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ነገሩን በምሳሌ ያዙት።

ሠዓሊው እጁ የተባረከ ነበር፤ አንዴ ያየው ፊት ከልቡ አይጠፋም። አንድ ባለጠጋ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ግድግዳውን እንዲሥልለት አስጠራው። በአገሩ ልማድ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያውቀዋል።

ባለጠጋው ከአንድ በዕድሜ ከገፋ ገበሬ ጋር በምንጭ ውኃ ተጣልቶ፣ ሽማግሌዎች ለገበሬው ፈርደውለት ነበር። ቂሙ ከባለጠጋው ሆድ አልወጣም። ሠዓሊው ጌታችንን የሚገርፉትን ጭፍሮች መሣል ሲጀምር ባለጠጋው መጥቶ፣ «ጅራፍ ለያዘው የዚያን ገበሬ መልክ ስጠው» አለው።

ሠዓሊው አመነታ። ኋላ ግን «የእኔ ሥራ መልክ መሣል ነው፤ ጠባቸው ለራሳቸው» ብሎ ራሱን አጽናናና ሣለው። ጎበጥ ያለው አፍንጫ፣ በቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ዓይኑ ግን አንድ ነበር።

ሥዕሉ ሁሉ ሳያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ተመረቀ፤ ያየ ሁሉ ገበሬውን ለየው። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሰላም የሚለው ሰው አነሰ። ደቦ ቢጠራ የሚመጣለት ጠፋ። ልጁን ለማጨት ሽማግሌ የላኩት ሰዎችም ነገሩን ተዉት።

በበዓል ቀን ሠዓሊው ሊያስቀድስ ሲመጣ ገበሬውን ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሞ አገኘው።

«አባቴ፣ ምነው አይገቡም?»

«ውስጥማ አለሁ፤ ጅራፍ ይዤ ቆሜአለሁ» አለው ገበሬው። «ሚስቴም ያንን ግድግዳ ማየት አቅቷት ቤት ቀርታለች። ለመሆኑ አንተን ምን አድርጌህ ነበር፣ ልጄ?»

ሠዓሊው ወደ ውስጥ ገባ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሞ ቆየ፤ አንዲት ቃል አልሰማም። ሕዝቡ ሳይበተን መሰላል አምጥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤ ወጣና ያንን ፊት በቢላዋ ይፍቀው ጀመር።

ባለጠጋው ሰውን እየገፋ መጣ። «ምን ነካህ? አፍንጫው የራሱ፣ ጠባሳው የራሱ። የቱ ላይ ዋሸህ?»

«መልኩን አልዋሸሁም፣ ጌታዬ» አለ ሠዓሊው፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጅራፉን ግን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ማንንም አልገረፈም።»

ባለጠጋው ያን ዕለት አሰናብቶት የቀረውን ሌላ ሠዓሊ ሣለው። ገበሬውን አንድ ጎረቤቱ ክንዱን ይዞ አስገባው፤ ቀስ በቀስም ደቦው ተመለሰለት። የልጁ የጋብቻ ነገር ግን እንደፈረሰ ቀረ። ቀለም በቢላዋ ይፋቃል፤ ከሰው አፍ የገባ ወሬ ግን እንዲያ በቀላሉ አይፋቅም።

መምህሩ ወደ ስንዱ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ፖርትሬይ ማለት አንድን ሰው ‹እንዲህ ያለ ነው› ብሎ በሌላው ዓይን ፊት ማቆም ነው። ይህን ሠዓሊ በቀለም፣ ተዋናይ በአካሉ፣ ጋዜጣ በጽሑፉ፣ ጎረቤትም በአፉ ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉን ስታገኚ ‹ማንን ሣለ?› ብለሽ አትቁሚ፤ ‹ምን አድርጎ ሣለው?› ብለሽ ጠይቂ። ሠዓሊው የገበሬውን አፍንጫ ሣለ፤ ገበሬውን ግን ገራፊ አድርጎ ሣለው። ጋዜጣሽም ሰውየውን እንደዚያው ነው ያደረገው። በይ አሁን ዐረፍተ ነገር ሥሪልኝ። የምታውቂውን ሰው ከመረጥሽ ግን፣ ከመጻፍሽ በፊት ሁለቱንም ዓይኖቹን እያቸው።»