ጥቁር የመሰለው ጠብታ

«ፈትል የሚያቀልም አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ።

የጠየቃቸው ይርጋ የሚባል ወጣት ነው። ከወንድሙ ጋር ከተኳረፈ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ወንድሙ ሽማግሌ ልኮበት ነገ መልስ ይጠበቅበታል። ሆዱን ሲመረምረው ከጥላቻ በቀር ምንም አላገኘበትም፤ እንዴት ብሎ እሺ ይበል?

የኔታ ቀጠሉ።

የሰውየው አባት ለጥለት የሚሆን፣ በአገሩ አቻ ያልተገኘለት ጥቁር ቀለም ይሠሩ ነበር። ከምን ከምን እንደሚቀምሙት ሳይናገሩ ሞቱ። የቀረው ስኒ የማይሞላ ቀለም ብቻ ነው። ልጁ ቅጠል ቀቀለ፣ ሥር ወቀጠ፣ ጥላሸት በጠበጠ፤ የአባቱን የሚመስል አልወጣለትም። ሸማኔዎቹም «ያባትህን እጅ አልወረስክም» እያሉ ራቁት።

አንድ ቀን ከአባቱ ቀለም ነጭ ጨርቅ ላይ አንጠበጠበና፣ ውሃ ምስጢሩን ያወጣዋል ብሎ ጨርቁን እንዳለ ነከረው። ውሃው ጠቆረ፤ ጨርቁ ነጣ፤ ሌላ የታየ ነገር የለም። ደግሞ ነከረ። ደግሞም። ስኒው ሊደርቅ ሆነ።

ሚስቱ ቆማ ስታየው ቆይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እያሰጠምከው እንዴት ይናገራል?» አለችው።

የመጨረሻዋን ጠብታ ከጨርቁ ጫፍ ጣት ያህል ከፍ አድርጎ አሳረፋት። ጫፉ ብቻ ውሃ እንዲነካ ጨርቁን ሰቀለና እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። ውሃው በጨርቁ ሽቅብ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጠብታዋ ጋ ሲደርስ ይዟት ተነሣ። ያን ጊዜ ጥቁሩ ተከፈለ። ቢጫው ለውሃው አደላና አብሮት ሮጦ ላይ ደረሰ። ቀዩ መካከል ላይ ደከመው። ሰማያዊው ግን ጨርቁን አጥብቆ ስለያዘ ከተነሣበት ብዙም አልራቀ። በዚያች ጠብታ ውስጥ ጥቁር የሚባል ነገር አልነበረም። ሦስቱም በገዛ ማሰሮዎቹ ያሉት፣ ፈትል ሲነክርባቸው የኖሩ ቀለሞች ነበሩ።

የኔታ ወደ ይርጋ ዞሩ። «ልጄ፣ ያቺ ጠብታ ያንተ ሆድ ናት። አንዴ በንዴት አንዴ በለቅሶ እየነከርካት ሁሉም ተበጠበጠብህ። ነገ እሺም እምቢም አትበል፤ ጥቂት ቀን ስጡኝ በል። ወንድምህን መንገድ ላይ ስታገኘው ጤና ይስጥልኝ ብለህ እለፍ፤ ለጊዜው ይኸው ይበቃል። ንዴቱ ከቀኑ ጋር ይሮጣል። ቅናት ካለበትም መንገድ ላይ ይደክመዋል። ከቦታው አልነቃነቅ ያለውን ያኔ ታየዋለህ።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ። «ጥላቻው ቢሆንስ፣ የኔታ?»

«እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?» አሉት።