በበቆሎ ጆንያ የተመዘነው መኪና

የላም በረቱ ተረት ለላም ባለቤት ይሁንና፣ ይህ የመኪና በረት ተረት ነው።

ታርጋ የሌለው፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ አንድ ዝቅ ያለ መኪና ነበር። ወደ ሜዳው እንኳ የሚሄደው በጭነት መኪና ታዝሎ ነው። ነጂው ደጀኔ ይባላል፤ ሲቀመጥ ወንበር የሚያቃስትለት ትልቅ ሰው። ነጂ ይባላል እንጂ አይነዳም። ፍጥነት ያዞረዋል፤ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ቁርሱን ይመልሳል። የምትነዳው እህቱ አስካለ ነበረች።

አስካለ በቴክኒክ ኮሌጅ የምታስተምር፣ ሰው ትክ ብሎ ካያት ግን የገዛ ስሟን የምትረሳ ዓይናፋር ናት። ሄልሜት ስታጠልቅ ፊቷን የሚያይ የለምና ዓይናፋርነቷ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ደጀኔ በጭነት መኪናው ውስጥ ተደብቆ ላቡን ያፈሳል፤ እሷ ደግሞ ወንድሟን እንድታክል ቱታዋ ውስጥ ጋቢ ጠቅልላ ትወጣለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጋቢ ያወፍራል እንጂ አይከብድም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ የፊት ግራው ጎማ አንድ ትንሽ ነገር አማረው። አስፋልቱ ያበጠበት ኩርባ ላይ መሬት መርገጥ። በዚያ ባለፈ ቁጥር እንደ ፌንጣ ይዘላል፤ መኪናውም ወደ ግንቡ ይንሸራተታል። ዋናው መካኒክ ጋሽ ኩምሳ፣ ጎማው መሬት ካልረገጠ ነገ መኪናው ውድድር አይገባም፣ ሰው ከማስቀብር መኪና ባቆም ይሻለኛል ብለው ቆረጡ።

አስካለ ምክንያቱን ታውቃለች። ነገር ግን ምክንያቱን መናገር ማለት ማን እንደሚነዳ መናገር ነው። እናም እሷ ሳትናገር ነገሩን የሚፈታላት ፍለጋ ተነሣች።

ከጎማው በላይ ሆኖ መኪናውን ወደሚሸከመው ወደ ቀዩ ሞላ ሄደች። ላላ በልና ጎማው መሬት ይርገጥ አለችው። ሞላው አልላላም አለ። እኔ የተመረጥኩት ለከባድ ሰው ነው፤ ለቀላል ሰው የሚሆኑት ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የመረጠኝን ሚዛን ጠይቂ አላት። ሞላው አልላላ፤ ጎማው መሬት አልረገጠ።

ሚዛኑ ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው፤ ሳህኖቹን ከየጎማው ሥር ዘርግቶ ተቀምጧል። ቃልህን ለውጥና ሞላው ይላላ፣ ሞላው ይላላና ጎማው መሬት ይርገጥ አለችው። ሚዛኑ ተቆጣ። ወፍጮ ቤት ያደግሁ ነኝ፣ ዋሽቼ አላውቅም፣ ወንበሩ ላይ ጆንያ አለ፣ እሱ ይውረድ አላት። ሚዛኑ ቃሉን አልለወጠ፤ ሞላው አልላላ፤ ጎማው መሬት አልረገጠ።

በዚያ ጋራዥ ለእያንዳንዱ ነጂ በክብደቱ ልክ በቆሎ የተሞላ፣ ስሙ በቀይ ክር የተጠለፈበት ጆንያ አለ። ሰው ሚዛን ላይ ይቁነጠነጣል፤ ጆንያ ግን እንደ ዳኛ ረግቶ ይቀመጣል ይላሉ ጋሽ ኩምሳ። የደጀኔ ጆንያ ወንበሩን ሞልቶ ተንፈላሷል። ውረድና ሚዛኑ ቃሉን ይለውጥ፣ ሚዛኑ ይለውጥና ሞላው ይላላ፣ ሞላው ይላላና ጎማው መሬት ይርገጥ አለችው። ጆንያው ኮራ። እኔ እኮ ደጀኔ ነኝ፣ ያስቀመጡኝ ኩምሳ ካላወረዱኝ ንቅንቅ አልልም አላት። ጆንያው አልወረደ፤ ሚዛኑ ቃሉን አልለወጠ፤ ሞላው አልላላ፤ ጎማው መሬት አልረገጠ።

ጋሽ ኩምሳ ሞተሩ ላይ አጎንብሰዋል። አስካለ መሬት መሬት እያየች፣ ምናልባት ደጀኔ ከስቶ ቢሆንስ ብላ ጠየቀች።

«ደጀኔ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «እሱ ከከሳ ዝሆንም ጾም ይዟል በይኛ። ራሱ መጥቶ ካልነገረኝ አንዲት ፍሬ አላጎድልም፣ ልጄ።»

ኩምሳ ጆንያውን አላወረዱ፤ ጆንያው ሚዛኑን አልለቀቀ፤ ሚዛኑ ቃሉን አልለወጠ፤ ሞላው አልላላ፤ ጎማው መሬት አልረገጠ።

ደጀኔ በጭነት መኪናው ውስጥ ሸንኮራ ይልጣል። ንገርልኝ አለችው። ለኩምሳ ንገርና ጆንያውን ያውርዱ፣ ጆንያው ይውረድና ሚዛኑ ቃሉን ይለውጥ፣ ሚዛኑ ይለውጥና ሞላው ይላላ፣ ሞላው ይላላና ጎማው መሬት ይርገጥ።

«በአባታችን አጥንት ያስማልሽኝ አንቺ ነሽ» አላት። «ሰው ጎበዝ እያለ ትከሻዬን ሲመታኝ እንኳ አልተነፈስኩም። ግን ነገ እዚያ ግንብ ላይ ብትቀሪ፣ ማንን ብዬ ላልቅስ? ራሴን ልበል?»

አስካለ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህ ሰው ስንት ሙቀት ለእሷ ሲል ችሏል።

ደጀኔ መሐላውን አላፈረሰ፤ ኩምሳ ጆንያውን አላወረዱ፤ ጆንያው ሚዛኑን አልለቀቀ፤ ሚዛኑ ቃሉን አልለወጠ፤ ሞላው አልላላ፤ ጎማው መሬት አልረገጠ። የቀረ አንድ ነው። ምላሷን ለመነችው። ምላሷም፣ ሰው ሲያየኝ እተሳሰራለሁ፣ እጅሽን ጠይቂ አላት።

እጇ እንቢ አላለም። የውድድር ቱታዋን ከጭነት መኪናው ይዛ ጋራዡ መሐል ቆመች፤ ጋቢውን ከቱታዋ መዝዛ ጣለች፤ ጆንያውን ጎትታ አወረደችና ፊቷን ሳትሸፍን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

የሚዛኑ ቀስት ወደቀ። ጋሽ ኩምሳ ቀስቱን አዩ፤ ጋቢውን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ?» አሉ በዝግታ።

«እኔ ነበርኩ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መፍቻቸውን አስቀመጡ። «እኔ ደግሞ፣ የሚነዳ ሰው ከሜዳ ሲመለስ ከንፈሩ ላይ የሸንኮራ ልጣጭ ምን ያደርጋል እላለሁ» አሉ። ቀጥሎ ወደ እሷ ቀረብ አሉ። «በማይሆንሽ ሞላ ሳስፈነጥርሽ ከርሜያለሁ። ላተረፈሽ አምላክ ተመስገን።»

ከግድግዳው ቢጫውን ሞላ ሊያወርዱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቢጫው ይበዛል፣ ጋሼ» አለች አስካለ። ሰው እያያት፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «በጣም ልል ነው፤ የመኪናው ሆድ አስፋልት ይልሳል። ሰማያዊው ይሁን።»

አስካለ ተናገረች፤ ደጀኔ ከመሐላው ተፈታ፣ እህቱንም አመሰገነ፤ ኩምሳ ጆንያውን ጥግ አስያዙ፤ ሚዛኑ ቃሉን ለወጠ፤ ቀዩ ሞላ ለሰማያዊው ቦታውን ለቀቀ። በማግስቱ አስካለ ሄልሜቷን በእጇ ይዛ በሰው ፊት ወጣች። ስሟን ረሳች፤ ኩርባውን ግን አልረሳችም። አስፋልቱ ያበጠበት ጋ ስትደርስ ጎማው እንደ ድመት እግር ወርዶ፣ ደልደል ብሎ መሬት ረገጠ።

ጋሽ ኩምሳ የዚያን ዕለት ማታ አዲስ ጆንያ ሰፉ፤ በቀይ ክር «አስካለ» ብለው ጠለፉበት፤ ከደጀኔ ጆንያ እየጨለፉ በልኳ ሞሉላት። የተረፈው በቆሎ ተቆልቶ ዞረ፤ አብዝቶ የዘገነው ደጀኔ ነው።

ተረቱ ጆንያው ውስጥ ይደር፤ ቆሎውን ግን እናንተም ዘገን አድርጉ።